«ዘይት አይበላም» የተባለ ሞተር

አሮጌ የጭነት መኪና ያላቸው ባለንብረቶች ሞተራቸውን ሲያወድሱ ደጋግመው የሚሉት «ዘይት አይበላም» ነው። መኪና ሲሸጥ ይህች ቃል ዋጋ ታወጣለች። እኔ ግን አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ አካባቢ በጥገና ሙያ ስሠራ፣ ብዙ ዓመት ያገለገለ ሞተር ዘይት ጠብ አያደርግም ከተባልኩ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ናፍጣው ነው። ያረጀ ሞተር ዘይት መብላቱ ያለ ነው። ፋሻው ሳስቷል፣ የባልቦላው ጎማ ደርቋል፤ በየጉዞው ትንሽ ትንሽ ያቃጥላል። ይህ ሁሉ እያለ መለኪያው ላይ ያለው ዘይት ካልቀነሰ፣ የጎደለውን የሚተካ ሌላ ነገር ወደ ኮፓው፣ ዘይቱ ወደሚጠራቀምበት ቋት፣ እየገባ ነው ማለት ነው። ውሃ ካልሆነ ናፍጣ ነው።

ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ሲወጣ ማንም ይደነግጣል፤ ሹፌሩም ሳይጠራ ራሱ ወደ ጋራዥ ይመጣል። የሚያሳስበኝ ባለበት የቆመው ነው። በሳምንት ሁለት ሊትር ዘይት የሚያቃጥል ሞተር በዚያው ሳምንት ሁለት ሊትር ናፍጣ ከገባበት፣ መለኪያው ለሹፌሩ የሚነግረው ነገር የለም። ኮፓው ውስጥ ያለው ግን እየዋለ እያደረ ዘይትነቱን ያጣል።

አንድ በዕድሜ የገፉ ሹፌር ኮንቴይነር አራግፈው ወደኛ ጎራ አሉ። «ልጄ፣ የዘይት ግፊቱ ይወርድብኛል እንጂ ሌላው ደህና ነው። ዘይቱ እንደሆነ ሙሉ ነው፤ ከአዳማ ወጥቼ ጋላፊ እስክደርስ ምልክቷን አይለቅም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ጠዋት ሲያስነሱትም ይወርዳል?»

«ኧረ ጠዋትማ ደህና ነው። አዋሽን ሳልፍ፣ ሙቀቱ ሲመጣ ነው።»

መልሳቸው ግማሹን ሥራ ጨረሰልኝ። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከዚህ የተነሳ መኪና ወደ አዋሽ፣ ከዚያም ወደ አፋር ቆላ ሲወርድ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት አገር ይገባል። ጠዋት በቅዝቃዜ ግፊቱን ችሎ የሚቆም የቀጠነ ዘይት እዚያ ሲደርስ ይጋለጣል። ብዙዎቹ የጭነት መኪኖቻችን የሚጠቀሙት 15ደብሊው-40 ዘይት በ100 ዲግሪ ሙቀት ውፍረቱ ከ12.5 ሴንቲስቶክ እንዳያንስ ደረጃው ያስገድዳል። ከመቶ አምስት እጅ ናፍጣ ሲቀላቀልበት ወደ 30 ደረጃ ሊወርድ ይችላል። አምስት እጅ ሲባል ትንሽ ይመስላል። 20 ሊትር በሚይዝ ኮፓ ግን አንድ ሊትር ናፍጣ ነው፤ ብሮንዚኑ ከኮሎው (ከክራንክ ዘንጉ) ጋር ብረት ለብረት እንዳይነካካ የሚያደርገውን ስስ የዘይት ሽፋን ለማሳጣት ይበቃል።

ብዙ ባለሙያ ዘይቱን በጣቱ አሽቶ፣ አሽትቶም ይፈርዳል። ሽታው ይረዳል፤ ጣት ግን ያታልላል። ምክንያቱም በናፍጣ ሞተር ዘይት ውስጥ ጥላሸት አለ፤ ጥላሸት ዘይት ያወፍራል፣ ናፍጣ ያቀጥናል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ዘይቱ በጣት መሀል ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ከመለኪያው ዘንግ አንዲት ጠብታ ነጭ መጣጭ ወረቀት ላይ አንጠባጥባለሁ፤ አጠገቡ ከዚያው ዓይነት አዲስ ዘይት ሌላ ጠብታ። ወረቀቱን ጠፍጣፋ ቦታ አስቀምጬ ሌላ ሥራ እሠራለሁ። ስመለስ የአዲሱ ዘይት ክብ ሰብሰብ ብሎ ይቆየኛል። ናፍጣ የገባበት መሀሉ ጥቁር ሆኖ ጥላሸቱ የማይደርስበት ሰፊ፣ ፈዘዝ ያለ እርጥብ ቀለበት ዙሪያውን ይዘረጋል። ውሃ መሆኑን ለመለየት ደግሞ ጠብታ ዘይት የጋለ ብረት ላይ ጣል ማድረግ ነው፤ ውሃ ካለበት ይንጣጣል። ወረቀቱ ያስጠረጥራል እንጂ መጠኑን አይነግርም። መጠኑን ቤተ ሙከራ ይለካዋል፤ የሚያገኝ ሰው ቢያስለካ እመክራለሁ።

ናፍጣ መግባቱ ሲረጋገጥ ብዙ ጋራዥ ውስጥ የሚሰማው ፍርድ «ሞተሩ ይውረድ» ነው። ይህን ፍርድ እቃወማለሁ። ባለመኪናው የሚኖረው በዚያች አንድ መኪና ነው፤ ሞተር ወርዶ፣ ፋሻና ብሮንዚን ተቀይሮ፣ ናፍጣው በዚያው መንገዱ መግባቱን ቢቀጥል አዲሱም ብሮንዚን ያልቃል። መጀመሪያ መንገዱ መገኘት አለበት።

መንገዱ ሁለት ዓይነት ነው፤ በሲሊንደር በኩል ወይም በፓምፕ በኩል። ኖዝል በደንብ ሳይዘጋ ሲያንጠባጥብ ያልተቃጠለው ናፍጣ የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ በፋሻው በኩል ይወርዳል። ይህ ምልክቱን አይደብቅም፤ ጠዋት ነጭ ጭስ አለ፣ ሚኒሞ ላይ ሞተሩ ይንገጫገጫል። በየተራ የኖዝሎቹን ቧንቧ ናት ላላ ሳደርግ ድምፁን የማይቀይረው ሲሊንደር የታመመው ነው። ሞተሩ እየሠራ መቆሙም ያባብሰዋል። ጭነት ለመረከብ በፓርኩ አካባቢ ተራ የሚጠብቅ መኪና ለሰዓታት ሚኒሞ ላይ ሲቆም ሞተሩ ይቀዘቅዛል፤ ናፍጣው በቅጡ አይቃጠልም። በዝቅተኛ ጭነት ረጅም ሰዓት የሚሠራ የመጠባበቂያ ጄኔሬተርም እንዲሁ ነው።

የፓምፑ መንገድ ግን ድምፅ የለውም። ሞተሩ ይነሳል፣ ይጎትታል፣ አያጨስም። በእኚያ ሹፌር መኪና ላይ የነበረው ይኸው ነው። በብዙ አሮጌ ሞተሮች የናፍጣ ፓምፑ የሚለሰልሰው በራሱ በሞተሩ ዘይት ነው። በፓምፑ ውስጥ እያንዳንዱ ትንሽ ፒስተን ከቤቱ ጋር ያለው ክፍተት የሚሊ ሜትር ጥቂት ሺኛ ብቻ ነው፤ አቧራና ውሃ ያለበት ናፍጣ ይህን ይበላዋል። ከተበላ በኋላ ወደ ኖዝል መሄድ ከነበረበት ናፍጣ የተወሰነው ወደታች ወርዶ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ኮፓ ይመለሳል። ከፓምፑ ጎን የምትቀመጠዋ መሳቢያ ፓምፕም ዘንጓ ሲላላ ያንኑ ታደርጋለች፤ በአንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ መሳቢያዋ ሽፋኗ ተቀዶ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ታፈሳለች።

አሮጌዎቹ ፓምፖች ብዙዎቹ በጎናቸው መክፈቻ ክዳን አላቸው። ሞተሩን አጥፍተን ክዳኑን ፈታን፤ ውስጡን በጨርቅ አደረቅን። የሹፌሩ ረዳት በእጅ ፓምፑ ናፍጣ እየገፋ እኔ በባትሪ አየሁ። ሌሎቹ ደረቅ ሆነው ከአንደኛው ቤት ስር የጠራ ናፍጣ ቀስ እያለ መጣ፤ ተሰብስቦ ስፕሪንጉ ላይ ወረደ። ሹፌሩም ጎንበስ ብለው አዩት። ለዚህ ሥራ የጠፋው ጊዜ ሞተር ለማውረድ ገመድ እስኪታሰር ያህል ነው።

ፓምፑ ለፓምፕና ኖዝል ባለሙያ ተላከ። እስኪመለስ ኮፓውን አወረድንና ሁለት ብሮንዚን ከፍተን አየን፤ ፊታቸው ተጭሮ ነበር፣ ቀየርናቸው። ኮሎው ተርፏል። ዘይቱና ፊልትሮው ተቀየረ፤ ኮፓ ውስጥ፣ ቧንቧ ውስጥ የሚቀር ስላለ ከአጭር ጉዞ በኋላ እንደገና አስቀየርናቸው።

ሌላም አደጋ ስላለ ለሹፌሩና ለረዳቱ አንድ ነገር አስረግጬ ነገርኳቸው። ኮፓው በናፍጣ ከመጠን በላይ ሲሞላ ሞተሩ በመተንፈሻው በኩል ያንኑ ድብልቅ ስቦ ማቃጠል ሊጀምር ይችላል። ያን ጊዜ ዙሩ ያለ ልክ ይወጣል፤ ቁልፍ ቢዘጉ፣ ናፍጣ ቢቆርጡ አይጠፋም። የሚጠፋው አየር ሲያጣ ነው፤ የአየር ማስገቢያውን በጠንካራ ጣውላ ወይም ብረት መድፈን እንጂ በእጅ ወይም በልብስ መሞከር አይገባም። መለኪያው ከላይኛው ምልክት ካለፈ ደግሞ ሞተሩን ጭራሽ አለማስነሳት ነው።

ከሚቀጥለው የጅቡቲ ጉዞ መልስ ሹፌሩ ቅር ብሏቸው መጡ፤ ግፊቱ ተስተካክሎ ሞተሩ ዘይት መብላት ጀምሯል። ይበላ የነበረው ድሮም እንደሆነ፣ ናፍጣው ሸፍኖት እንደቆየ አስረዳኋቸው። አሁን ረዳቱ በየጉዞው የጨመረውን ዘይት በሊትር ደብተር ላይ ይጽፋል። ፍጆታው በዚሁ ከቀጠለ ቴስታታው ተነስቶ ፋሻው ይቀየራል፤ ባለንብረቱም ለዚያ ከወዲሁ ገንዘብ ማስቀመጥ ጀምሯል።