ለታመመ ወላጅ የሚቀርብ ማዕድ

ወላጆቻችን በሕፃንነታችን አላምጠው አጕርሰው፣ አብርደው አጠጥተው አሳድገውናል። ይህን ውለታ የመክፈያው ቀን ለብዙ ሰው የሚመጣው ወላጅ በታመመ ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ የታመመን ወላጅ መመገብ ሕፃንን እንደ መመገብ አይቀልም፤ አባት የቤት ራስ፣ እናትም የማዕድ እመቤት ሆነው የኖሩ ናቸውና፣ በልጅ እጅ መጕረስ ይከብዳቸዋል። ዛሬ የምንጽፈው በሳንባ ካንሰር የታመመና የጨረር ሕክምና የሚደረግለት ወላጅ እህል አልወርድ ሲለው ልጆች ሊያደርጉት ስለሚገባ ነገር ነው።

አስቀድሞ የችግሩን ምክንያት ማወቅ ይገባል። ምግብ ወደ ጨጓራ የሚወርድበት ቧንቧ በደረት መካከል፣ በሁለቱ ሳንባዎች መሐል ያልፋል። ስለዚህ በደረት መካከል ወይም በአጠገቡ ወዳለው ዕጢ የሚላከው ጨረር ብዙ ጊዜ ይህን ቧንቧ ስለሚነካው የውስጡ ሽፋን ይቆስላል። በሽታውን ለማጥፋት ታስቦ የሚሰጠው ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 5 ቀን ሆኖ 6 ሳምንት ያህል ይፈጃል። የመዋጥ ሕመሙ በመጀመሪያው ቀን አይሰማም፤ ብዙ ጊዜ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ሳምንት ይጀምራል፤ ሕክምናው ካበቃም በኋላ 1 ወይም 2 ሳምንት ሊብስ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ቀስ በቀስ እየሻረ ይሄዳል።

ይህን ለበሽተኛው መንገር ግዴታ ነው እንላለን። ከሩቅ አገር ተነሥቶ ለጨረር ሕክምና ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የመጣና በልጁ ቤት ያረፈ አንድ ሽማግሌ አባት በሐሳባችን እናስብ። ነገሩ ካልተነገረው፣ እህል ባቃጠለው ጊዜ በሽታው ወደ ጉሮሮው የወጣ መስሎት ተስፋ ይቆርጣል፤ ሕክምናውን ትቶ ወደ አገሩ ለመመለስም ይነሣል። ሕመሙ ከሕክምናው የመጣ፣ የሚያልፍም መሆኑን ያወቀ ሰው ግን ይታገሣል። ሕክምናው በመካከሉ እንዳይቋረጥ፣ ሰውነቱም እንዳይከሳ መጠበቅ የፈውሱ አንድ ክፍል ነውና።

ስለ ማዕዱ ስንናገር፣ በቀን ሁለት ጊዜ ትልቅ ገበታ ከማቅረብ ይልቅ በ2 ወይም በ3 ሰዓት ልዩነት ጥቂት ጥቂት መስጠት ይሻላል። ምግቡ ለስላሳ፣ እርጥብና ለብ ያለ ይሁን። አጥሚት፣ የአጃ ገንፎ፣ በርበሬ የሌለበት ቀጭን ሽሮ፣ የምስር ሾርባ፣ ተፈጭቶ የተጣራ የተልባ መጠጥ፣ የበሰለ ሙዝና አቮካዶ በቀላሉ ይወርዳሉ። ገበታው ትንሽ ስለሆነ ኃይል ሰጪ መሆን አለበት፤ ስለዚህ በአጥሚቱ ላይ የፈላ ወተት፣ ቅቤ ወይም በደንብ የላመ ኦቾሎኒ ይጨመርበት። በአንጻሩ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ትኩስ ቡና፣ ሎሚ፣ ጠጅና አረቄ የቆሰለውን ያቃጥላሉ፤ ቆሎ፣ ደረቅ ቂጣና የዳቦ ቅርፊት ይቧጥጡታል። እንጀራም ኮምጣጣነቱ ካስቸገረ፣ ብዙ ሳይኮመጥጥ ተጋግሮ በአልጫ መረቅ ይራስለት። ሐኪሙ የሕመም ማስታገሻ ካዘዘ፣ ከምግብ በፊት ስንት ደቂቃ ቀድሞ እንደሚወሰድ ጠይቆ ሰዓቱን መጠበቅ ነው። ሲበላ ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ ከበላም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አይጋደም። የከሰልና የዕጣን ጢስም ሳል ያስነሣልና፣ በሚመገብበት ክፍል ባይኖር መልካም ነው።

ለጉንፋን የለመድነውን ፌጦ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ለሳሉ ይበጃል ብሎ መስጠትም በእነዚህ ሳምንታት ጉዳት አለው። ሌላም መድኃኒት ቢሆን ሐኪሙ ሳያውቀው አይሰጥ።

አሁን በክርስቲያን ቤት ከሁሉ ይልቅ ወደሚያስጨንቀው ነገር እንመጣለን። 6ቱ ሳምንት ከዐቢይ ጾም 55 ቀን ጋራ ቢገጣጠም ምን ይደረጋል? ዕድሜውን በሙሉ የጾመ አባት፣ ልጆቹ ወተት ሲያቀርቡለት ፊቱን ያዞራል፤ ሳይቀደስም እህል አልቀምስም ይላል። ልጆቹም ከእግዚአብሔር ትእዛዝና ከአባታቸው ሕይወት አንዱን የሚመርጡ መስሏቸው ይጨነቃሉ። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጭንቀት አልጣለቻቸውም። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጽ ስለ ጾም ሲደነግግ የታመመውን ሰው ያስባል፤ የበሽተኛ መብላት ጾምን እንደ መናቅ አይቈጠርም። ስለዚህ ልጆች ከአባታቸው ጋራ ከመከራከር ይልቅ፣ ሕክምናው ሳይጀመር የነፍስ አባቱን ወደ ቤት ጠርተው ሐኪሙ ያለውን ይንገሯቸው። ልጅ ሲለምነው እንቢ ያለ ሽማግሌ፣ የነፍስ አባቱ «ይህ ለእርስዎ መድኃኒት ነው፤ ይውሰዱ» ሲሉት ኅሊናው ያርፋል።

ከቅባቱም ይልቅ የሚጎዳው እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምሱ መቆየት መሆኑን ለካህኑ ማስረዳት ያሻል። ከወተትና ከቅቤ መራቅን የመረጠ ቢኖር እንኳ፣ ከማለዳ ጀምሮ እየተከፋፈለ በተሰጠው በኦቾሎኒ፣ በሱፍ፣ በሽንብራ ዱቄት፣ በአቮካዶና በዘይት ሰውነቱን መደገፍ ይቻላል። ጠበሉም ሕክምናውን አያስቀርም፤ እየተጠመቀ ቀጠሮውን ይጠብቅ። በደረቱ ላይ ለጨረሩ የተጻፈ ምልክት ካለ ግን እንዳይጠፋ፣ ከመጠመቁ በፊት ባለሙያዎቹን ይጠይቅ።

ሌላው ነገር አቀራረባችን ነው። በአገራችን ፍቅር የሚገለጸው «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» እያሉ በማጕረስ ነው። ለጤነኛ ሰው ደስ የሚለው ይህ ልማድ መዋጥ ለሚያመው ሰው ሥቃይ ነው፤ እንቢ ቢል ልጁን ያሳዘነ ይመስለዋል፤ እሺ ቢልም ይጎዳል። ስለዚህ «አባባ፣ ትንሽ ይቅመሱ፤ ካልወረደልዎ ይተዉት» ማለት ይበቃል። ጠያቂ ዘመድም በዙሪያው ቆሞ አይቍጠርበት። በሽታው ከመጽናቱ የተነሣ ሰውነቱ እህል የማይፈልግበት ቀን ቢመጣ፣ ያን ጊዜ ማስገደድ አይጠቅመውም፤ ከንፈሩን ማራስና አጠገቡ መቀመጥ ይበልጣል።

ዕቃውን ለይቶ፣ ከልጅ ልጆቹ አርቆ ማብላትም አያስፈልግም። የሳንባ ካንሰር የሳንባ ነቀርሳ ከሚባለው ተላላፊ በሽታ የተለየ ነው፤ አብሮ በመብላት አይጋባም። ከውጭ በመሣሪያ የሚሰጠውም ጨረር በሰውነቱ ውስጥ አይቀርም። ከመሶቡ የተለየ ሽማግሌ እህሉን የሚተወው ከሕመሙ ይልቅ በኀዘኑ ነው።

በመጨረሻም ልጆች በየሳምንቱ ክብደቱን እየመዘኑ ይጻፉና ለሐኪሙ ያሳዩ። ውሃ እንኳ መዋጥ ቢያቅተው፣ ሲጠጣ ትን እያለው ቢያስለው፣ ትኩሳት ቢይዘው፣ ደም ቢያስታውከው፣ ዐይነ ምድሩ ቢጠቍር ወይም ሽንቱ እጅግ ቢያንስ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ሐኪሙ ለጊዜው በቀጭን ቱቦ እንዲመገብ ቢያዝም ቁስሉ እስኪሽር መሸጋገሪያ ነውና መደንገጥ አይገባም።

አባትንና እናትን እንድናከብር የታዘዝነው ትእዛዝ በቃል ብቻ የሚፈጸም አይደለም። በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ በየ2 ሰዓቱ በአንዲት ስኒ ለብ ያለ አጥሚት ይፈጸማል።