የመረጃ ማከማቻ አቅራቢዎችን ማወዳደር፦ ከዳባት መዝገብ አኳያ

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የዳባት የምርምር ማዕከል የወረዳውን ነዋሪዎች ልደት፣ ሞትና ፍልሰት መከታተል የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። መረጃ ሰብሳቢዎች በየጊዜው ወደየቤቱ እየተመለሱ ያጠናቀሩት ይህ መዝገብ ከጠፋ ዳግም ሊሰበሰብ አይችልም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያረፈ ሕፃን በምን ምክንያት እንደሞተ ዛሬ እንደ አዲስ ጠይቆ ትክክለኛ መልስ ማግኘት የማይታሰብ ነው። መዝገቡ ሲጀመር በገበያ ላይ የነበሩት ዲስኮች አቅማቸው በጥቂት ጊጋባይት የሚቆጠር ነበር፤ ዛሬ እነርሱን የሚያነብ መሣሪያ እንኳ እንደ ልብ አይገኝም።

አንድ የማከማቻ መሣሪያ ከአምራቹ ሙሉ ድጋፍ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ዓመት ነው። የዳባት መዝገብ ግን ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል። በዚህ ስሌት የአንድ ጥናት መረጃ ቢያንስ በአራት የመሣሪያ ትውልዶች መሻገር ይኖርበታል። ዩኒቨርሲቲ አቅራቢ ሲመርጥ፣ መረጃው በዚያ አቅራቢ እጅ የሚቆይበትን ጥቂት ዓመትና ከዚያ እጅ የሚወጣበትን መንገድ አብሮ ይመርጣል። በተለመደው የጨረታ ሰነድ ውስጥ የመጀመሪያው በዝርዝር ሲጻፍ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ አይነሳም።

የመንግሥት ግዥ ሕግም ለዚህ ውይይት መነሻ ይሆናል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649 የቴክኒክ መግለጫ በንግድ ምልክት ላይ እንዳይመሠረት ይከለክል ነበር፤ ሌላ በቂ አገላለጽ ጠፍቶ ስም ቢጠቀስ እንኳ “ወይም ተመጣጣኝ” የሚል ቃል እንዲታከልበት ያዝ ነበር። ባለሙያዎች ይህን ድንጋጌ እንደ እንቅፋት ሲያዩት ይሰማ ነበር። ነገር ግን ድንጋጌው ይጠይቅ የነበረው ፍላጎትን በሚለካ ነገር መግለጥን ነው፤ ይህም የማንኛውም ጥሩ ንጽጽር መጀመሪያ ነው። በዚያ ላይ የምርት ስም ራሱ የሚጸና ነገር አይደለም። ኤች ፒ ስሪ ፓርን እ.ኤ.አ. በ2010 ገዛ፤ ዴል ኢ ኤም ሲን በ2016 ጠቀለለ፤ ኒምብል በ2017 ወደ ኤች ፒ ኢ ገባ። ሁዋዌ ደግሞ በ2019 በአሜሪካ የንግድ እገዳ ዝርዝር ውስጥ በመግባቱ የመለዋወጫ ምንጩ ጥያቄ ውስጥ ወደቀ። ስሙን አምኖ የገዛ ተቋም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ ስም ካለው ድርጅት ጋር ሲነጋገር ራሱን ሊያገኘው ይችላል።

የቴራባይት ዋጋ

በንጽጽር ሠንጠረዥ ላይ በመጀመሪያ ዓይን የሚስበው የአንድ ቴራባይት ዋጋ ነው። ችግሩ ሦስት ዓይነት ቴራባይት መኖሩ ነው፤ በዲስኮቹ ላይ የተጻፈው ጥሬ አቅም፣ ለብልሽት መከላከያ የሚያዘው ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረው ተጠቃሚ አቅም፣ እንዲሁም መሣሪያው መረጃውን አምቆና ድግግሞሹን አስወግዶ “ይይዛል” ተብሎ የሚገመተው አቅም። ሦስተኛው የአቅራቢው ተስፋ ነው።

ለማሳያ ያህል ሁለት የመላምት ዋጋዎችን እንውሰድ። ተጫራች “ሀ” 100 ቴራባይት ጥሬ አቅም በ12 ሚሊዮን ብር ያቀርባል። ተጠቃሚ አቅሙ 75 ቴራባይት ሲሆን፣ አራት ለአንድ የማመቅ ምጣኔ ታስቦ 300 ቴራባይት ተብሎ ተጽፏል። ተጫራች “ለ” ምንም የማመቅ ተስፋ ሳይሰጥ 135 ቴራባይት ተጠቃሚ አቅም በ13.5 ሚሊዮን ብር ያቀርባል። በወረቀት ላይ “ሀ” ለአንድ ቴራባይት 40,000 ብር፣ “ለ” 100,000 ብር ይጠይቃሉ። አሁን የሚከማቸው የሆስፒታል የሲቲ ስካንና የራጅ ምስል ነው እንበል። ብዙው ሲመጣ ታምቆ ነው፤ የተመሰጠረ ፋይልም ከዚህ በላይ አይታመቅም። ምጣኔው 1.1 ለ1 ቢሆን “ሀ” የሚይዘው 82.5 ቴራባይት ብቻ ሲሆን ዋጋው ወደ 145,000 ብር ይወጣል። አሸናፊው ተለወጠ።

አንዳንድ አምራቾች የማመቅ ምጣኔውን በጽሑፍ ዋስትና ይሰጣሉ፤ ካልደረሰ ተጨማሪ ዲስክ በነጻ ያቀርባሉ። ሆኖም አስቀድሞ የታመቀና የተመሰጠረ መረጃ ከዋስትናው ውጭ እንደሆነ የሚገልጽ አንቀጽ በውሉ ግርጌ አይታጣም። ከክርክር የሚያድነው መንገድ ስምና መለያ የወጣለት አንድ ቴራባይት ያህል የራስን መረጃ ለሁሉም ተጫራቾች በእኩል ሰጥቶ ውጤቱን መለካት ነው። ሥራው ለአንድ የማስተርስ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃል፤ ለተቋሙም ከብዙ የማስታወቂያ ወረቀት ይልቃል። የፍጥነት ንጽጽርም እንዲሁ ነው። አቅራቢዎች የሚጠቅሱት በሰከንድ መቶ ሺዎች የሚደርስ የንባብ ቁጥር ብዙ ጊዜ የትንንሽ ፋይል ንባብ ብቻ የተፈተነበት ነው፤ እንደ ፊዮ ያለ ነጻ መለኪያ በራስ የሥራ ጭነት ቢያስሮጡት ሌላ ቁጥር ያሳያል።

ዲስክ ሲበላሽ

ዲስክ መበላሸቱ አይቀርም። የአቅራቢዎች ልዩነት የሚታየው ከብልሽቱ በኋላ ባሉት ሰዓታት ነው። አንድ 20 ቴራባይት ዲስክ ሲተካ መሣሪያው ይዘቱን ከቀሩት ዲስኮች አሰባስቦ እንደገና ይጽፋል። በሰከንድ 250 ሜጋባይት ያለ ማቋረጥ ቢጽፍ 80,000 ሰከንድ፣ ማለትም 22 ሰዓት ያህል ይፈጃል። በሥራ ሰዓት ሆስፒታሉም ተመራማሪውም መሣሪያውን እየተጠቀሙበት ከሆነ ቀናት ሊወስድ ይችላል።

በዚያ ጊዜ ውስጥ ምን ሊደርስ እንደሚችል ሒሳቡ ይናገራል። ለድርጅት የሚሠሩ ዲስኮች አምራች በተለምዶ የሚሰጠው መግለጫ በ1,000 ትሪሊዮን ቢት ንባብ ከአንድ የማይበልጥ የማይነበብ ስፍራ ሊያጋጥም ይችላል የሚል ነው። ይህ 125 ቴራባይት ማለት ነው። ስምንት ባለ 20 ቴራባይት ዲስኮች አንድ ብልሽት ብቻ በሚችለው በሬይድ 5 ቢደራጁ፣ አንዱ ሲተካ የቀሩት ሰባት 140 ቴራባይት ይነበባሉ። የአምራቹ ገደብ የከፋው ግምት ቢሆንም ንባቡ ከገደቡ በላይ መሆኑ ሬይድ 5ን በትልልቅ ዲስኮች ላይ ላለመቀበል በቂ ምክንያት ነው። ሁለት ብልሽት የሚችለው ሬይድ 6 ወይም አቻው የግዴታ መስፈርት ሊሆን ይገባል። የቀረበው ዝቅተኛ ዋጋ በሬይድ 5 ላይ የተመሠረተ መሆኑ ከጨረታው በኋላ የሚታወቅባቸው አጋጣሚዎች ስለማይጠፉ ጥያቄው በሰነዱ በግልጥ ይቅረብ።

ለደጋው የተለየ ጉዳይም አለ። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀትን የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል። በስፋት በሚሠራበት የአሽሬ ደረጃ እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ተፈቅዶለት የሚሠራ መሣሪያ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀነስበታል። 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ጎንደር ጣሪያው ወደ 31 ዲግሪ ይወርዳል። ደባርቅን በመሰለ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከ29 ዲግሪ በታች ይሆናል፤ የደረጃው የመጨረሻ ከፍታ 3,050 ሜትር ነው። “አገሩ ብርድ ነው፤ ማቀዝቀዣ አያሻም” የሚለው አነጋገር በተዘጋ የሰርቨር ክፍል ውስጥ አይሠራም። አቅራቢው ይህን ቅናሽ በመልሱ ውስጥ አስልቶ ካላቀረበ መሣሪያው የሚቆምበትን ስፍራ አላሰበበትም ማለት ነው።

ስለ አስተማማኝነት የሚጠቀሰው 99.999 በመቶም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት። ቁጥሩ በዓመት ከ5 ደቂቃ ጥቂት ብቻ የሚበልጥ መቋረጥን ያመለክታል፤ የሚመለከተው ግን መሣሪያውን ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ፣ ጄኔሬተር ሳይነሳ ሲቀር፣ የዩፒኤስ ባትሪ ሲደክም የሚቆጥር ሰው የለም። ከዚህ ቁጥር ይልቅ ጠቃሚው ጥያቄ መብራት በድንገት ሲቋረጥ ገና ወደ ዲስክ ያልተጻፈው መረጃ የት ይድናል የሚለው ነው።

ከአዲስ አበባ 700 ኪሎ ሜትር

አብዛኞቹ አምራቾች ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሸጡት በወኪል ነው። ውል የሚፈርመው ወኪሉ ሲሆን መሣሪያውን የሚያውቀው አምራቹ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሰነድ ውስጥ የሚወዳደሩት ሁለት ድርጅቶች ናቸው። የአምራች የፈቃድ ደብዳቤ ተያይዟል ወይ ከሚለው ባሻገር፣ ወኪሉ ቢዘጋ ወይም ውክልናውን ቢያጣ ዋስትናው በማን ላይ እንደሚጸና በጽሑፍ መታወቅ አለበት።

“በቀጣዩ የሥራ ቀን” የሚለው የድጋፍ ቃል ለአዲስ አበባ ደንበኛ አንድ ትርጉም፣ በመንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ላለው ማራኪ ግቢ ሌላ ትርጉም አለው። ቃሉ ባለሙያ ተነሣ ማለት ነው ወይስ አዘዞ ደረሰ? ወይስ ዲስኩ ተተክቶ ሥራ ተጀመረ? ብዙ መሣሪያዎች ደግሞ ችግራቸውን በኢንተርኔት ለአምራቹ እያሳወቁ እንዲጠገኑ ታስበው የተሠሩ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል፤ መንገዶችም በተደጋጋሚ ተዘግተዋል። ከዚያ በፊት በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ደርሶ ነበር። ሁለተኛ ቅጂ ከመጀመሪያው ርቆ መቀመጥ እንዳለበት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። መለዋወጫ ዲስክና የኃይል ሳጥን ከመጀመሪያው ግዥ ጋር ተገዝቶ ጎንደር ላይ ቢቀመጥ፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲው ባለሙያዎችም እጃቸውን ዘርግተው እስኪተኩ ድረስ ቢሠለጥኑ፣ ከብዙ የድጋፍ ደረጃ ስያሜ የሚበልጥ ዋስትና ይሆናል። ይህ እንዲሠራ ግን መሣሪያው በአምራቹ ፋየርዌር የተቆለፈ ዲስክ ብቻ የሚቀበል መሆን አለመሆኑ ቀድሞ መጣራት አለበት።

ገንዘቡም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የድጋፍ እድሳት በዶላር የሚታሰብ ወጪ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የሦስት ዓመት ድጋፍ ብቻ የገዛ ተቋም አራተኛውን ዓመት በእጥፍ ብር ለማደስ ተገዷል ማለት ነው። የአምስት ወይም የሰባት ዓመት ድጋፍ ከመጀመሪያው ዋጋ ጋር ተጠቃልሎ ሲወዳደር ርካሽ የመሰለው መሣሪያ ብዙ ጊዜ ደረጃውን ይለቃል።

መውጫው

መረጃን ከአንድ አምራች መሣሪያ ወደ ሌላው ማሻገር ምን ያህል እንደሚፈጅ በጨረታ ወቅት መጠየቅ ያልተለመደ ነው። “መረጃ ማዛወር ይቻላል?” ተብሎ ከተጠየቀ ሁሉም አቅራቢ “አዎ” ይላል፤ አዎ ተብሎ የሚመለስ መስፈርት ማንንም አይለይም። ይልቁንም “50 ቴራባይት ከእናንተ ወደ ሌላ አምራች መሣሪያ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ላይሰንስ ይወጣል? አሳዩ” ቢባል ልዩነቱ ይገለጣል። በ10 ጊጋቢት የውስጥ ኔትወርክ ሥራው በጥሩ ሁኔታ 11 ሰዓት ያህል ይወስዳል። በ100 ሜጋቢት የኢንተርኔት መስመር ግን ከ46 ቀናት በላይ ነው። ክላውድን ብቸኛ ማከማቻ አድርጎ ለመያዝ ለሚያስብ ሁሉ ይህ ቁጥር ማመዛዘኛ ሊሆን ይገባል፤ የማስቀመጫ ኪራዩ ቢረክስም የመመለሻው መንገድ ቀጭን ነው።

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌሮች በዚህ ረገድ የተሻለ መልስ አላቸው። ሴፍ የተባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2007 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝ በቀረበ የዶክትሬት ጥናት ላይ የበቀለ ሲሆን ዛሬ በአውሮፓ የኒውክሌር ምርምር ማዕከል በሰርን ሳይቀር ይሠራበታል። ከማንኛውም አምራች ሰርቨር ጋር ይሄዳል፤ መረጃውም በአንድ ድርጅት የተቆለፈ አይሆንም። ዋጋው ግን በሌላ መልክ ይከፈላል። ሦስት ቅጂ ሲያዝ ከጥሬው አቅም አንድ ሦስተኛው ብቻ ይቀራል፤ ጥገናውም ቋሚና የሠለጠነ የሰው ኃይል ይሻል። ያ የሰው ኃይል በተገኘበት ሁሉ በንጽጽሩ እንደ አንድ ተወዳዳሪ መግባት ይኖርበታል። ካልተገኘ ግን የንግድ መሣሪያ ከነመውጫ ስምምነቱ መግዛቱ ይሻላል።

ከመውጫው ጋር የሚሄድ አንድ ትንሽ አንቀጽ አለ። ዋስትና ያለው ዲስክ ሲበላሽ አቅራቢው አዲሱን የሚሰጠው አሮጌውን ተረክቦ ነው። የተበላሸ ዲስክ ግን አብዛኛው ይዘቱ የሚነበብ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ በውስጡም የታካሚ ስምና የቤተሰብ የሞት መዝገብ ሊኖር ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መካከል መድቦ ከአገር የሚወጣበትንም ሁኔታ ወስኗል። ስለዚህ የተበላሹ ዲስኮች በዩኒቨርሲቲው እጅ ቀርተው እንዲደመሰሱ የሚፈቅድ አንቀጽ ከአቅራቢው ጋር ከመፈራረም በፊት ዋጋው ተጠይቆ በንጽጽሩ ውስጥ ሊገባ ይገባል፤ ከተፈረመ በኋላ ሲጠየቅ አቅራቢው የሚያወጣው ዋጋ ሌላ ነው።