ከካንሰሩ ጋር የምናነጻጽረው «ጤነኛ» የማን ነው?





ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚፈልጉ የባዮሎጂ፣ የባዮቴክኖሎጂና የጤና ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ጥያቄ አለ፦ ያለ ላቦራቶሪ ካንሰርን ማጥናት ይቻላል? ይቻላል። ላፕቶፕና ሌሊት ላይ ሻል የሚለው የግቢ ኢንተርኔት ይበቃሉ። የሚያስቸግረው መሣሪያውን መክፈቱ ሳይሆን ያወጣውን ሥዕል ማንበቡ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ፕሮቲን የሚሠሩ 20 ሺህ ገደማ ጂኖች አሉት። በጉበትም በቆዳም ሕዋስ ውስጥ ያሉት ያው ጂኖች ናቸው፤ የሚለየው የትኛው ምን ያህል ይሠራል የሚለው ነው። ጂን ሲሠራ አር ኤን ኤ ያወጣል። ያንን አር ኤን ኤ ቆጥረን በዕጢው ውስጥና በጤነኛው አካል ውስጥ ያለውን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ፣ በካንሰሩ ውስጥ የበዛውና የቀነሰው ጂን ይታየናል።

ቆጠራውን ሌሎች ሠርተው በነጻ አስቀምጠውልናል። ቲሲጂኤ የሚባለው የአሜሪካ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2006 ተጀምሮ 33 የካንሰር ዓይነቶችን አጥንቷል። ጂቴክስ ደግሞ የጤነኛ አካላት ስብስብ ነው። በእነዚህ ላይ የተሠሩ ድረ ገጾች አሉ፦ ከፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ጌፒያ፣ ከአላባማ ዩኒቨርሲቲ ዩአልካን፤ ሁለቱም በ2017 የወጡ ናቸው። የጂኑን ስም ትጽፋላችሁ፣ ካንሰሩን ትመርጣላችሁ፤ በሰከንዶች ውስጥ ሁለት ሣጥኖች ይሳላሉ። ጌፒያ ላይ ቀዩ የካንሰሩ፣ ግራጫው የጤነኛው ነው። ልዩነቱ ጉልህ ከሆነ ኮከብ ይቀመጥበታል። ብዙ ተማሪ ኮከቡን ሲያይ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

የምግብ ቧንቧ ካንሰርን እንውሰድ። በአገራችን በተለይ በአርሲና በባሌ የሚበዛ በሽታ ነው፤ ከዚያ የመጣችሁ በቤተ ዘመድ የምታውቁት ትኖራላችሁ። ዩአልካን ላይ 184 የካንሰር ናሙና ከ11 ጤነኛ ጋር ይነጻጸራል። ጌፒያ ላይ 182 ከ286 ጋር። ካንሰሩ ያው ሆኖ ጤነኛው ከ11 ወደ 286 እንዴት ዘለለ?

ዩአልካን የተጠቀመው የቲሲጂኤን ብቻ ነው፤ የእነዚህ ጤነኛ ናሙናዎች በቀዶ ጥገና ጊዜ ከዚያው በሽተኛ፣ ከዕጢው ራቅ ተብሎ የተወሰዱ ናቸው። ጌፒያ ግን የጂቴክስን ጨምሮበታል። የጂቴክስ ናሙና የተወሰደው ከሞቱ ሰዎች ነው። ነፍስ ከወጣች በኋላ ባሉት ሰዓታት አር ኤን ኤ ይለዋወጣል፤ ሰብሳቢውም አሠራሩም ሌላ ነው። ስለዚህ የምታዩት ልዩነት ከፊሉ የካንሰሩ፣ ከፊሉ የአሰባሰቡ ሊሆን ይችላል። መድረሳ ለተቀመጠ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሐዲስ ሲነገረን መትኑን ብቻ ሰምተን አንሄድም፤ ሰነዱን፣ ማን ከማን እንደሰማ እንጠይቃለን። ናሙናም ሰነድ አለው።

ከዚህ የባሰ ወጥመድም አለ። ጂቴክስ የምግብ ቧንቧን በሦስት ከፍሎ ነው የሰበሰበው፦ የውስጡን ሽፋን፣ ጡንቻውንና ከጨጓራ ጋር የሚገናኝበትን። ካንሰሩ የሚነሳው ከውስጡ ሽፋን ነው። መረጃውን ራሱ አውርዶ የሚሠራ ተማሪ ሳያስተውል ከጡንቻው ጋር ቢያነጻጽር ኬአርቲ5 የሚባለው ጂን እጅግ በዝቶ ይታየዋል። «የካንሰር ጂን አገኘሁ» ይላል። ነገር ግን ያ ጂን በጤነኛውም ሽፋን ውስጥ በብዛት ይሠራል፤ እሱ ያገኘው የሽፋንና የጡንቻን ልዩነት ነው።

በካንሰሩም በኩል ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቲሲጂኤ ስብስብ ሁለት ዓይነት ነው፤ ስኩዌመስና አዴኖካርሲኖማ። በ2017 ኔቸር ላይ የወጣው የፕሮጀክቱ ጥናት አዴኖካርሲኖማው ከስኩዌመሱ ይልቅ የጨጓራ ካንሰርን እንደሚመስል አሳይቷል። በአርሲና በባሌ በብዛት ያለው ስኩዌመሱ ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ አማካይ ማውጣት የበግና የላም ክብደት ደምሮ ለሁለት እንደማካፈል ነው።

ስለ ስታቲስቲክሱ አንድ ነገር ብቻ፦ 20 ሺህ ጂን በ0.05 መስፈርት ብትፈትኑ ምንም ልዩነት ባይኖር እንኳ 1,000 ገደማ በአጋጣሚ ያልፋሉ። ስለዚህ የተስተካከለውን ፒ እሴት ተመልከቱ።

ወደ ርዕሴ ልመለስ። ከጂቴክስ ለጋሾች ከ10 ከ8 በላዩ ነጭ አሜሪካውያን ናቸው። ዩአልካን «አፍሪካ አሜሪካዊ» የሚል ምድብ ቢኖረውም የአርሲ ገበሬ እዚያ ውስጥ የለም። እዚሁ ደጃችን የተሠራ ጥሩ ምሳሌ አለን። ወላይታን ለረጅም ጊዜ ያስቸገረው የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ የሚመጣ ነው፤ ግን በአንድ አፈር ላይ ከሚኖሩት አንዱ ይታመማል፣ ሌላው አይታመምም። ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በ2012 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጥናት 194 ታማሚዎችን ከ203 ጤነኞች ጋር አነጻጽረው ኤችኤልኤ የተባለውን የጂኖች ክፍል አገኙ። ያ ጥናት ያየው ዲ ኤን ኤን እንጂ የጂንን ሥራ አይደለም። ቁም ነገሩ ግን ታማሚውም ጤነኛውም ከደቡብ ኢትዮጵያ መሆናቸው ነው። ጤነኛውን ከቦስተን አላመጡትም።

ስለዚህ ጌፒያን ተጠቀሙ፣ ጥሩ መሣሪያ ነው። ርዕሳችሁ ላይ ግን «በኢትዮጵያውያን» ብላችሁ አትጻፉ፤ «በቲሲጂኤ መረጃ» በሉ። የሚቻላችሁ ስኩዌመሱን ብቻ ለይታችሁ፣ የውስጥ ሽፋኑን ብቻ መርጣችሁ በአር ቋንቋ ዴሴክ2 በሚባለው ጥቅል ራሳችሁ ሥሩት፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው። መጫኑ ያስቸገራችሁ ካላችሁ ከዐስር ሶላት በኋላ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ኢንሻአላህ አብረን እናየዋለን።