የሙሽራው ግዴታ፦ በዓለ ሃምሳ በአይሁድ ጋብቻ ሥርዓት ሲታይ

ብሉይ ኪዳንን ለሚያስተምር ሰው፣ የእስራኤል በዓላት በተነሡ ቁጥር ስለ አይሁድ ሠርግ መጠየቅ የተለመደ ነው። ጥያቄው የሚመጣው በብዙ መድረክ ከሚሰማ ስብከት ነው። ሙሽራው ያጭና ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል፤ ለሙሽሪት ክፍል ያዘጋጃል፤ አባቱ እስኪፈቅድለት ድረስ ቀኑን ማንም አያውቅም፤ ከዚያ በሌሊት መለከት እያስነፋ መጥቶ ይወስዳታል ይባላል። ይህ ከመለከት በዓል ጋር ይያያዝና የጌታ መምጫ ወቅት ይሰላበታል። እኔም የሠርጉ ምሳሌ ትልቅ ነገር እንደሚያስተምር አምናለሁ። የሚያስተምረን ግን ሙሽራው የገባውን ግዴታ እንጂ የሚመጣበትን ቀን አይደለም። ምሳሌው በተለይ የሚያበራውም የሰባቱን ሱባዔ በዓል ነው፤ አይሁድ ሻቩዖት፣ እኛ በዓለ ሃምሳ የምንለውን።

ይህን በዓል ከሠርግ ጋር ያገናኙት ራሳቸው አይሁድ ናቸው። በ200 ዓ.ም. አካባቢ የተጠናቀረው የአይሁድ የቃል ሕግ መጽሐፍ ሚሽና፣ በመኃልየ መኃልይ የተጠቀሰው የንጉሡ የሠርግ ቀን ሕግ የተሰጠበት ቀን ነው ብሎ ይተረጉማል። መኪልታ የተባለው የዘጸአት ትርጓሜም እግዚአብሔር በሲና ሕዝቡን ሊቀበል የወጣው ሙሽራ ሙሽራዪቱን ሊቀበል እንደሚወጣ ነው ይላል። በ16ኛው መቶ ዘመን በደማስቆ የተወለደው ባለቅኔ እስራኤል ናጃራ ለበዓሉ የጋብቻ ውል የሚመስል ቅኔ ጽፏል። በዚህ ውል ሙሽራው እግዚአብሔር፣ ሙሽራዪቱ እስራኤል፣ ምስክሮቹም ሰማይና ምድር ናቸው። በብዙ የሴፋርድ አይሁድ ምኩራቦች ዛሬም በበዓሉ ይነበባል። የሁሉም ሥር ያለው በነቢያት ነው፤ ሆሴዕ፣ ኤርምያስና ሕዝቅኤል የሲናን ኪዳን በጋብቻ ቋንቋ ተናግረውታል።

እንግዲህ ውሉ ምን ይላል? የጥንቱ የአይሁድ ጋብቻ ሁለት ደረጃ ነበረው። የመጀመሪያው ኤሩሲን ይባላል። እኛ ዘንድ እጮኛሞች ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ሽማግሌ ነገሩን ያበርደዋል፤ ኤሩሲን ግን ያለ ፍቺ ጽሑፍ አይፈርስም። ዮሴፍ ገና አብራው ያልኖረችውን ማርያምን በስውር ሊተዋት ያሰበው በዚህ ሕግ ውስጥ ሆኖ ነው። ሁለተኛው ደረጃ ኒሱኢን ነው፤ ሙሽራዪቱ ወደ ሙሽራው ቤት የምትገባበት። የጋብቻው ሰነድ ኬቱባ የሚጫነው በዋናነት በባልዬው ላይ ነው። ሊመግባትና ሊያለብሳት ይገደዳል፤ ቢፈታት ወይም ቢሞት ለድንግል 200 ዙዝ (የብር ገንዘብ)፣ ለመበለት 100 ዙዝ ይከፈላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዘመን የኖረው ስምዖን ቤን ሸታህ ደግሞ ለዚህ ዕዳ የባልዬው ንብረት ሁሉ መያዣ እንዲሆን ደንግጓል። ሰነዱ ሴቲቱን ከመጣል የሚጠብቅ ነው። ሲናን እንደ ጋብቻ ማንበብ ማለትም እግዚአብሔር ራሱን በግዴታ አሰረ ማለት ነው። ብዙዎቻችን ሲናን የትእዛዝ ተራራ ብቻ አድርገን ስለምንሰብክ ይህ ገጽታው ይጠፋብናል።

ሚሽናም ሆነ በእሱ ላይ የተመሠረተው ታልሙድ ከሐዋርያት ዘመን በኋላ የተጠናቀሩ ናቸው፤ ወደ ኋላ መልሶ ማንበብ ስሕተት ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ትክክል ነው፤ ስለዚህም እንደ ማረጋገጫ ሳይሆን ነቢያትን ያነበቡ ሰዎች ምስክርነት አድርጌ ነው የምወስዳቸው። ይሁን እንጂ ተቃውሞው ይበልጥ የሚመታው ቀን ቆጣሪዎቹን ነው። ስለ ኬቱባ የሚናገረው የሚሽና ክፍል ገና ሲጀምር ድንግል በረቡዕ፣ መበለት በሐሙስ ታገባለች ይላል። ሙሽራው ልውሰዳት ብሎ ከጠየቀበት ጊዜ ጀምሮም ለድንግል ለዝግጅት 12 ወር ይሰጣል። ቀኑ የማይታወቅ ሠርግ እዚህ የለም። በማቴዎስ 25 ያሉት ደናግልም የሠርጉን ሌሊት ያውቃሉ፤ ያላወቁት ሰዓቱን ነው። በመለከት በዓል የወር መባቻው እስኪታይ ቀኑ አይታወቅም የሚለው ክርክርም ልዩነቱ ከአንድ ቀን ስለማያልፍ ሩቅ አያስኬድም።

እዚያው ሚሽና ላይ ግን ሰባኪዎች ሲያነሡት እምብዛም ያልሰማሁት፣ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ደንብ አለ፤ 12 ወሩ አልፎ ሙሽራው ካልወሰዳት፣ ገና በአባቷ ቤት ሳለች ከእሱ ገንዘብ ትመገባለች። የዘገየ ሙሽራ ይመግባል! ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያንን ለአንድ ወንድ የታጨች ድንግል ይላታል፤ መንፈስ ቅዱስንም መያዣ ይለዋል። መንፈስ ቅዱስ የወረደው በበዓለ ሃምሳ መሆኑን ከዚህ ጋር ስናስተያይ፣ በዓሉ ሙሽራው እስኪመጣ ሙሽራዪቱ ያለ ስንቅ እንዳልቀረች የሚያሳይ ሆኖ እናገኘዋለን።

ሌላው ተቃውሞ ኦሪት በዓሉን ከመከር እንጂ ከሲና ጋር አላያያዘችም የሚል ነው። በቀጥታ አላያያዘችም፤ ሕዝቡ ሲና የደረሰው በሦስተኛው ወር መሆኑን ግን ዘጸአት 19 ይናገራል። ለዚህ ደግሞ የእኛው አገር ምስክር አለን። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዘመን የተጻፈውና ሙሉ ንባቡ በግዕዝ ብቻ የተረፈው መጽሐፈ ኩፋሌ የሱባዔውን በዓል ከኖኅ ጀምሮ ኪዳን በየዓመቱ የሚታደስበት ያደርገዋል። ቤተ እስራኤል ቆጠራውን ከፋሲካ ሳምንት ፍጻሜ ጀምረው በዓሉን በሦስተኛው ወር በ12ኛው ቀን ያከብሩ ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ በሲና የተሠራው የወርቅ ጥጃ ነገር ነው፤ ሙሽራዪቱ ገና በጫጉላዋ ከዳች። አንድ ሚድራሽ (የረቢዎች ትርጓሜ) ሙሴ ጽላቱን የሰበረው ሊያድናት ነው ይላል። ውሉ ከተቀደደ እንደ ባለትዳር አይፈረድባትምና። መጽሐፉ ራሱ ይህን ምክንያት አይሰጥም፤ ሁለተኛ ጽላት መጻፉን ግን ይነግረናል። ሙሽራው ከግዴታው አልወጣም።

የሙሽራዪቱስ ግዴታ? የበዓሉ ሕግ በዘሌዋውያን 23 ያበቃው ስለ መሥዋዕት ተናግሮ አይደለም፤ የእርሻህን ዳር ለድሃና ለመጻተኛ ተው በሚል ትእዛዝ ነው። አይሁድ በዚህ በዓል የሚያነቡት መጽሐፈ ሩትም በዚያው ሕግ ቃርሚያ ለቅማ የኖረች ባዕድ ሴት ታሪክ ነው። ሰባኪ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በመጪው በዓለ ሃምሳ ከሐዋርያት ሥራ 2 ጋር ዘሌዋውያን 23፥22ንም አንብቡልን፤ የቀን ስሌቱን ትታችሁም ምእመኑ ከእርሻው፣ ከሱቁና ከደመወዙ ለድሃ ምን እንደተወ ጠይቁት።