ደም ውስጥ መገኘት መድረስ አይደለም

ካላዛርን የመተማ፣ የቋራና የምዕራብ አርማጭሆ ሰው በደንብ ያውቀዋል። ሰሊጥ ለማጨድ ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛ ዋልካው በተሰነጠቀበት ግራር ሥር ያድራል፤ የአሸዋ ዝንብ ትነድፈዋለች፤ ከወራት በኋላ ትኩሳቱ አልለቅ ይለዋል፣ ሰውነቱ ይመነምናል፣ ጣፊያው ያብጣል። ስለ በሽታው ብዙ ተብሏልና በዚህ ልለፈው። የማወራው ስለ አንድ መድኃኒትና ጉዞውን ስለሚከተለው የኮምፒውተር ስሌት ነው።

መድኃኒቱ አምቢሶም ይባላል። አምፎቴሪሲን ቢ የተባለው አሮጌ መድኃኒት ከ100 ናኖሜትር በምታንስ የቅባት ቅንጣት (ሊፖሶም) ሽፋን ውስጥ ተሰክቶ የተሠራ ነው። ናኖ መድኃኒት ሲባል ገና ከቤተ ሙከራ ያልወጣ ነገር የሚመስለው ብዙ ነው። ጎንደርና አብደራፊ ላይ ግን ለካላዛር ታማሚዎች ሲሰጥ ዓመታት አልፈዋል።

ስሌቱ (ሞዴሉ) በመሠረቱ ቀላል ነው፤ ሰውነትን በደም፣ በጉበት፣ በጣፊያ፣ በሳንባና በኩላሊት ከፋፍሎ ከአንዱ ወደ ሌላው በደቂቃ ስንት ደም እንደሚያልፍ፣ ከቅንጣቱም ምን ያህሉ እዚያው እንደሚቀር በቀመር ማስላት ነው። ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል፤ ሩብ የሚሆነው በጉበት ያልፋል። የኩላሊት ወንፊት ቀዳዳ 10 ናኖሜትር እንኳ ስለማይሞላ ቅንጣቷ እንዳለች በሽንት አትወጣም። ስትዞር ቆይታ የጉበትና የጣፊያ ዋጭ ሕዋሳት፣ ማክሮፌጆች፣ ይሰለቅጧታል።

አንድ ታማሚ ወጣት «መርፌው የገባው ክንዴ ላይ ነው፤ ጣፊያዬ የት እንዳለ ማን ነገረው?» ብሎኝ ያውቃል። ማንም አልነገረው። «ዒላማውን ፈልጎ የሚመታ መድኃኒት» የሚሉት ወሬ አምቢሶምን አይመለከትም። ለብዙ ናኖ መድኃኒቶች እነዚህ ዋጭ ሕዋሳት መንገድ ላይ የሚዘርፉ ሽፍቶች ናቸው። የካላዛር ተዋሲ ግን የሚኖረው ሽፍቶቹ ሆድ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ መዘረፉ ራሱ ሕክምና ሆነ።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ደም ተመርምሮ የመድኃኒቱ መጠን ከፍ ብሎ ሲገኝ «በቃ፣ ደርሷል» የሚባለው ነገር ነው። አልደረሰም። የተለመደው የደም ምርመራ የሚለካው በአብዛኛው ሽፋኗ ውስጥ ገና የታሰረውን ነው። የመተማ ኬላ ላይ ቆሞ ሸራ የለበሱትን የጭነት መኪኖች ቢቆጥሩ መጋዘን ምን እንደወረደ አይታወቅም። እንዲያውም መጠኑ በተጨመረ ቁጥር በደም ውስጥ የሚገኘው ከተጨመረው በላይ ይንራል፤ ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ዋጮቹ መጥገባቸው ነው። የበዛ የመሰለው ገና ያልተራገፈ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ጥሩ ሞዴል የታሰረውን፣ የተፈታውንና ሕዋስ ውስጥ የገባውን ለየብቻ ይቆጥራል፤ እኔም የምወደው ለዚህ ነው።

ነገሩ የወረቀት ጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ የሕንድ ጥናት በኪሎ 10 ሚሊግራም አንዴ ብቻ የተሰጣቸው ታማሚዎች ከ100ው ወደ 96ቱ ከ6 ወር በኋላ ድነው ተገኙ። ያው መጠን በጎንደር፣ በአርባ ምንጭና በሱዳን ካሳብ ተሞከረ፤ ውጤቱ በ2014 ሲወጣ የዳኑት ከ100ው 58 ብቻ ነበሩ። 3 ሚሊግራም በኪሎ 7 ጊዜ የተሰጣቸው ግን 85 ደረሱ። መድኃኒቱ ያው፣ የተዋሲው ዝርያም ያው ሌይሽማንያ ዶኖቫኒ!

የተዋሲው ጠባይ ከአገር አገር መለያየቱ አንዱ መልስ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ሞዴሉ ውስጥ የማን አካል እንደገባም እጠይቃለሁ። የጤነኛ አዋቂ ጣፊያ 200 ግራም ቢመዝን ነው። ከቋራ እርሻ የሚመጣው ታማሚ ጣፊያው እምብርቱን አልፎ፣ ሥጋው አልቆ፣ ሚዛን ላይ የሚወጣው አጥንቱን ይዞ ነው። መጠኑን በኪሎ ስናሰላለት በመክሳቱ ይቀነስበታል፤ መድኃኒቱን የሚካፈሉት ዋጭ ሕዋሳት ግን በዝተዋል። ይህ የእኔ ጥርጣሬ እንጂ የተዘጋ መዝገብ አይደለም። በኪሎ ማስላት እንደሚያሳስት ግን ሚልቴፎሲን የተባለው ሌላው የካላዛር መድኃኒት አሳይቷል፤ ናኖ ባይሆንም። ሕፃናት በኪሎ ልክ ሲሰጣቸው ከአዋቂ ያነሰ እንደሚደርሳቸው በሞዴል ተደረሰበት፤ በስሌቱ የተስተካከለው መጠን በኬንያና በኡጋንዳ ተሞክሮ ሠርቷል።

እዚህ ላይ መድኃኒቱን የሚበጠብጡትን ልቆጣ። በርሃው ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ካርቶኑን መስኮት ሥር ፀሐይ ላይ የተዉ ሰዎች አይቻለሁ፤ ብልቃጡ ከ25 ዲግሪ በላይ መቆየት የለበትም። በኖርማል ሳላይን የሚበጠብጡም አሉ። በንጹሕ የመርፌ ውኃ ይበጥበጥ፣ በደንብ ይናጥ፣ ከብልቃጡ ጋር በሚመጣው ማጣሪያ አልፎ በ5 በመቶ ደክስትሮስ ይቅጠን። መስመሩ ላይ ደክስትሮስ ያልሆነ ሌላ ፈሳሽ ከነበረም አስቀድሞ በደክስትሮስ ይታጠብ። ጨው የነካው አምቢሶም ሊዘቅጥ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ በደም ሥር የሚሄደው ሞዴሉ የማያውቀው ሌላ ነገር ነው።