ተረትና እውነታ፦ አጠራጣሪ የሄርፒስ ውጤት ቤት ሲገባ

ከሠርግ በፊት ደም መመርመር በከተሞቻችን ልማድ ሆኗል። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት የኤችአይቪ ውጤት ይጠይቃሉ፤ ቤተሰብም ይጠብቃል። አንዳንድ እጮኛሞች «ከመጣን አይቀር ሁሉንም እንመርመር» ይሉና ሄርፒስንም ያስጨምራሉ። በኤችአይቪ ጊዜ አንድ ሰው ፖዘቲቭ ነው ከመባሉ በፊት ደሙ በተለያዩ መመርመሪያዎች ተደጋግሞ ይታያል። የሄርፒስ የደም ምርመራ ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ መመርመሪያ ብቻ ይሠራና ቁጥር ተጽፎበት ይሰጣል። «1.6» ይላል፣ ከጎኑ «ፖዘቲቭ»። ወይም «1.0» ይላል፣ ከጎኑ «አጠራጣሪ»። በዚህች መስመር የተነሳ እጮኝነት ይፈርሳል፣ መኝታ ይለያል፣ ሽማግሌ ይጠራል። ወረቀቱ ግን እንዲህ ያለ ፍርድ የመሸከም አቅም የለውም። ስለ ሄርፒስ ከሚወሩት ውስጥ ጥንዶችን በብርቱ የሚጎዱትን እያነሳሁ ምክንያቱን ላስረዳ።

ተረት፦ «ፖዘቲቭ ካለ ፖዘቲቭ ነው፤ ማሽን አይዋሽም»

የተለመደው የደም ምርመራ ቫይረሱን ራሱን አያይም። የሚፈልገው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሠራውን አይጂጂ የሚባል አንቲቦዲ ነው። ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ሁለት ዓይነት አለው። ዓይነት 1 በብዛት አፍ አካባቢ፣ ዓይነት 2 ደግሞ በብዛት ብልት አካባቢ ይቀመጣል። ሁለቱ በጣም ስለሚመሳሰሉ መመርመሪያው የሚለያቸው በአንድ ፕሮቲን፣ በግላይኮፕሮቲን ጂ ነው። ስህተት የሚገባው በዚህ በኩል ነው። ሰውየው ዓይነት 2 ሳይኖርበት ደሙ ውስጥ ያለ ሌላ አንቲቦዲ መጠነኛ ምላሽ ሊሰጥና ቁጥሩ ከመስመሩ በጥቂቱ ሊያልፍ ይችላል።

በሰፊው በሚሠራበት መመርመሪያ ከ0.9 በታች ኔጋቲቭ፣ ከ0.9 እስከ 1.1 አጠራጣሪ፣ ከ1.1 በላይ ፖዘቲቭ ይባላል። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) በፈረንጆቹ 2021 ባወጣው የአባላዘር በሽታዎች ሕክምና መመሪያ፣ በተለይ ቁጥሩ ከ3.0 በታች የሆነ የዓይነት 2 ውጤት በሌላ ዘዴ ሳይረጋገጥ እንዳይተረጎም ያሳስባል። ስለዚህ «1.6 ፖዘቲቭ» ማለት «ገና ይጣራ» ማለት ነው። የዚያው አገር የበሽታ መከላከል አገልግሎቶች ግብረ ኃይል በ2016 ባቀረበው ስሌት ደግሞ፣ ምልክት የሌለው ሕዝብ በጅምላ ቢመረመር ከሚገኙት ፖዘቲቭ ውጤቶች ግማሽ ያህሉ ሐሰት ይሆናሉ። በዚህም የተነሳ ምልክት የሌለው ሰው በዘፈቀደ እንዳይመረመር መከረ፤ በ2023ም ምክሩን አጸና። በዚያው ዓመት የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ ስለ ሐሰተኛ ፖዘቲቭ ውጤቶች ለሐኪሞች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

ነገሩ እኛን ይበልጥ ይመለከተናል። በኡጋንዳና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች በተሰበሰበ ደም ላይ የተደረጉ ጥናቶች መመርመሪያው በዚህ አህጉር ከሌላው ቦታ ይልቅ ሐሰተኛ ፖዘቲቭ እንደሚያበዛ አሳይተዋል። ስለዚህም በርካታ ተመራማሪዎች ፖዘቲቭ የሚሉበትን መስመር ከ1.1 ወደ 3.5 ገደማ ከፍ አድርገው ሠርተዋል። ወረቀት የሚሰጠን ላቦራቶሪ ግን መስመሩን እንደ አምራቹ ማብራሪያ እንዳለ ይወስደዋል።

እንደ ዋና ማረጋገጫ የሚቆጠረው ዌስተርን ብሎት የሚባለው ምርመራ ነው፤ በዚህ የታወቀው ደግሞ ሲያትል የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ነው። በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን በሐኪማቸው በኩል ደማቸው እዚያ እንዲላክ መጠየቅ ይችላሉ። አዲስ አበባ ላለ ጥንድ ይህ ሩቅ ነው። በቅርብ የሚገኘው አማራጭ ቁጥሩን በጽሑፍ መቀበል፣ ከ12 ሳምንት በኋላ ቢቻል በተለየ መመርመሪያ መድገም፣ ቁስል ከወጣ ደግሞ ሳይደርቅ ናሙና ማስወሰድ ነው። ከቁስሉ የተወሰደ ናሙና በፒሲአር ሲታይ ከደሙ ይልቅ የሚታመን መልስ ይሰጣል፤ የቫይረሱንም ዓይነት፣ ያለበትንም ቦታ ያሳያል። የቆዳና የአባላዘር ስፔሻሊስት ማየትም እንደ አለርት ባሉ ሆስፒታሎች ይቻላል።

ተረት፦ «አይጂኤም ስለወጣ በሽታው የዛሬ ነው»

ይህን ቤት አፍራሽ ተረት ብዬ ብጠራው አላጋነንኩም። በተለይ ለነፍሰ ጡሮች በሚታዘዘው ቶርች በሚባለው የምርመራ ጥቅል ውስጥ አይጂኤም ይካተታል። «አይጂኤም አዲስ መያዝን ያሳያል» የሚለው አጠቃላይ ትምህርት ለሄርፒስ አይሠራም፤ ነባሩ ሄርፒስ ሲያገረሽም አይጂኤም ሊታይ ይችላል፣ ዓይነት 1ን ከዓይነት 2ም በቅጡ አይለይም። ሲዲሲ ይህ ምርመራ ለሄርፒስ ጨርሶ እንዳይሠራበት ይመክራል። በአይጂኤም ወረቀት ብቻ ሚስቱን ወይም ባሏን የከሰሰ ሰው ካለ ክሱ መሠረት የለውም።

ተረት፦ «ኔጋቲቭ ነኝ፤ ንጹሕ ነኝ፤ እንግዲህ አንተ ነህ»

አንቲቦዲ ለመሠራት ጊዜ ይፈልጋል። አንዳንዱ በጥቂት ሳምንታት ይሠራል፣ ሌላው እስከ ሦስት ወር ይወስዳል፤ ከዚያ በፊት የወጣ ኔጋቲቭ የሚያረጋጋ አይደለም። ለዓይነት 1 ደግሞ የተለመዱት የደም መመርመሪያዎች ቫይረሱ ያለባቸውን ብዙ ሰዎች ያልፏቸዋል። የቁስል ናሙናም ቁስሉ መድረቅ ከጀመረ በኋላ ከተወሰደ ባዶ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ክፍል ፖዘቲቩን በጥርጣሬ እንያዝ ካልን ኔጋቲቩንም እንዲሁ መያዝ ግድ ነው።

ተረት፦ «ቫይረሱ ከተገኘ ከመካከላችን አንዱ ውጭ ሄዷል»

ቤት የሚያፈርሰው ጥያቄ «ማን አመጣው?» የሚለው ነው። ውጤቱ ተረጋግጦ እውነተኛ ሆኖ ቢገኝ እንኳ የደም ምርመራ ይህን ጥያቄ አይመልስም። አይጂጂ አንድ ሰው በሕይወቱ በአንድ ወቅት ከቫይረሱ ጋር መገናኘቱን ብቻ ይናገራል። ከአምስት ወር በፊት ይሁን ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት፣ ከማን እንደመጣ፣ አፍ ላይ ይሁን ብልት ላይ አይለይም።

ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። አብዛኛው ሰው ምንም ምልክት አያይም፤ ቢያይም የነፍሳት ንክሻ ወይም የምላጭ ጭረት መስሎት ያልፈዋል። በአሜሪካ በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ዓይነት 2 ካለባቸው አዋቂዎች ወደ 87 በመቶ የሚሆኑት ተነግሯቸው አያውቅም ነበር። ከተያዙ ከብዙ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁስል የሚወጣባቸውም አሉ። ሁለት ልጆች የወለደች ሴት ድንገት ቁስል ቢወጣባት፣ ቫይረሱ ከጋብቻ በፊት ከነበረ ሕይወት፣ ከእሷ ወይም ከባሏ በኩል፣ የመጣ ሊሆን ይችላል። እርግጥ ነው፣ ከትዳር ውጭ የመጣም ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ግን ይህን ከዚያ የሚለይበት መንገድ የለውም። ታማኝነትን በተመለከተ ጥያቄ ያለው ሰው በቀጥታ የትዳር ጓደኛውን ይጠይቅ፤ ላቦራቶሪው እንዲመልስለት አይጠብቅ።

ዓይነት 1 ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው የበለጠ ይከስማል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ግምቱ ከ50 ዓመት በታች ካለው የዓለም ሕዝብ 64 በመቶው፣ 3.8 ቢሊዮን ሰው ገደማ፣ ዓይነት 1 እንዳለበት አስልቷል። ብዙዎቻችን በልጅነታችን ከዘመድ መሳሳም ወስደነዋል። ዓይነት 1 ከአፍ ወደ ብልት በአፍ በሚደረግ ግንኙነት ሊተላለፍ ስለሚችል፣ ሁለት ሰዎች ከማንም ጋር ሳይገናኙ እርስ በርሳቸው ብቻ የሚያጋጥማቸው ነገር ነው።

ምርመራው እስኪደገም ያሉት እነዚያ 12 ሳምንታት እንዴት ይታለፉ? የታዘብኩት ነገር ቢኖር፣ በጥሩ ሁኔታ የሚያልፉት ጥንዶች መጀመሪያ የሚስማሙት በማን ጥፋት ላይ ሳይሆን ለማን ይነገር በሚለው ላይ ነው። ውጤቱ ሳይረጋገጥ ለእናት፣ ለእህት፣ ለሚዜ ከተነገረ፣ በኋላ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ወሬው አይመለስም። የነፍስ አባት ወይም አንድ ሚስጥር ጠባቂ ሐኪም በቂ ነው። ሽማግሌ ከተጠራ የሚፈርደው ጥል ይፈልጋል፤ እዚህ ግን ገና ጥል የለም። ቀጥሎ ሁለቱም ይመረመራሉ፤ አንዱ ብቻውን ተከሳሽ እንዳይሆን። እስከዚያው በኮንዶም መጠቀም ወይም መታቀብ በስምምነት ይወሰናል፤ ቅጣት እንዳይመስል ምክንያቱ በግልጽ ይነገራል። «ውጤቱ ገና አልተረጋገጠም፤ እስኪረጋገጥ አንቺም እኔም እንጠብቅ» ማለት ከዝምታ ይሻላል፤ ዝምታ ብዙ ጊዜ እንደ ማመን ይቆጠራልና።

ሁለተኛው ምርመራም 1.4 ብሎ የሚመለስበት፣ ማረጋገጫ የማይገኝበት፣ ቁስልም ወጥቶ የማያውቅበት ጊዜ አለ። ይህ እውነት ነው፣ ከባድም ነው። እንዲህ ያለው ጥንድ በየወሩ እየተመረመረ ራሱን ከማድከም ይልቅ «ሊኖር ይችላል» ብሎ፣ ምልክት ሲታይ ሐኪም ጋ ሄዶ ናሙና ለመስጠት ተስማምቶ ኑሮውን ቢቀጥል ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

ተረት፦ «ከንፈሬ ላይ የወጣው ምች ነው፤ ሄርፒስ ሌላ ነው»

ፀሐይ መታኝ፣ ምች መታኝ ብለን ዳማ ከሴ የምናሸትለት፣ ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣው ቁስል በአብዛኛው ሄርፒስ ዓይነት 1 ነው። የእናቶቻችን ትዝብት ከንቱ አልነበረም፤ ኃይለኛ ፀሐይ፣ ትኩሳትና ድካም የተደበቀውን ቫይረስ ይቀሰቅሱታል። ፀሐይ ግን ትቀሰቅሰዋለች እንጂ አትፈጥረውም። ቁስሉ ያለ ምንም ነገር በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ስለሚድን፣ የተቀባው ሁሉ መድኃኒት መስሎ ይታያል። ምች የወጣበት ሰው አራስ ቤት ሲገባ ሕፃኑን መሳም የለበትም፤ ለአዲስ ለተወለደ ልጅ ይህ ቫይረስ ገዳይ ሊሆን ይችላል።

ማንም ምች የወጣበትን ጎረቤቱን በዝሙት አይጠረጥርም። ያው የቫይረስ ዓይነት በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ በፈረንጅ ስሙ ሲጻፍ ግን ትዳር ይናወጣል። አልማዝ ባለጭራም ከዚህ ጋር ይምታታል፤ እሱ የሚመጣው ከጉድፍ ቫይረስ ነው፣ ከአባላዘር ጋር ግንኙነት የለውም።

ስለ ፎጣና ስለ መጸዳጃ ቤት መቀመጫ የሚወራውን በአጭሩ ልለፈው፤ ሄርፒስ የሚተላለፈው ቆዳ ከቆዳ ሲነካካ ነው፣ በዕቃ መያዝ እጅግ የማይመስል ነገር ነው። ሄርፒስ ኤችአይቪ ማለትም አይደለም። ዓይነት 2 ያለበት ሰው ለኤችአይቪ ከተጋለጠ የመያዝ ዕድሉ ስለሚጨምር ግን ሁለቱን አብሮ መመርመር ተገቢ ነው።

ተረት፦ «አንዳችን ፖዘቲቭ፣ አንዳችን ኔጋቲቭ ከሆንን አብረን መኖር አንችልም»

በ2004 በታተመ ጥናት 1,484 ጥንዶች ለስምንት ወር ክትትል ተደርጎላቸዋል፤ በሁሉም አንዱ ዓይነት 2 አለበት፣ ሌላው የለበትም። መድኃኒት የሌለው እንክብል ከተመደበላቸው ጥንዶች ቫይረሱ የተላለፈው በ3.6 በመቶው ነበር። ያለበት ሰው በየቀኑ ቫላሲክሎቪር የሚወስድባቸው ጥንዶች ጋ ወደ 1.9 በመቶ ወረደ። ምንም መድኃኒት ሳይኖርም ከመቶ ጥንዶች ዘጠና ስድስቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ አልተላለፈባቸውም። ኮንዶም አደጋውን ይበልጥ ይቀንሳል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያጠፋውም፣ ቫይረሱ ከማይሸፈን ቆዳም ይወጣልና። ቁስል ሲኖር፣ ወይም መቆጥቆጥና ማቃጠል ሲጀምር ግንኙነት ማቆም ያስፈልጋል። ቫይረሱን ከሰውነት የሚያወጣ መድኃኒት እስካሁን የለም፤ አሲክሎቪርና ቫላሲክሎቪር ግን ቁስሉን ያሳጥራሉ፣ ድግግሞሹንም ይቀንሳሉ።

እርግዝና ላይ ሰው የሚፈራውና አደገኛው ነገር አንድ አይደሉም። ቫይረሱ ከቆየባት እናት ወደ ልጅ የመተላለፉ ዕድል ከ1 በመቶ በታች ነው። ከባዱ አደጋ በእርግዝናዋ መጨረሻ ወራት ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘች እናት ላይ ነው፤ ዕድሉ ከ30 እስከ 50 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ ባልየው ያለበት፣ ሚስት የሌለባት ከሆነ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት መታቀብ ልጁን ይጠብቃል። እሷ ያለባት ከሆነ ለሐኪሟ ወይም ለአዋላጇ ቀድማ ትናገር፤ ከ36ኛው ሳምንት ጀምሮ አሲክሎቪር ሊታዘዝላት ይችላል፣ ምጥ ሲጀምር ቁስል ከታየ በቀዶ ሕክምና ትወልዳለች። ጡት ላይ ቁስል ከሌለ ልጇን ማጥባት ትችላለች።