የሕክምና መዝገብ ሶፍትዌር ለሠሪዎቹ ምን ይንገር?
በፈቃድ ላይ የተመሠረተ የአጠቃቀም ሪፖርት አነዳደፍ

በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ የሚገኝን አንድ ጤና ተቋም ለምሳሌ እንውሰድ። ታካሚዎቹ አብዛኞቹ በመርካቶ የሚውሉ ነጋዴዎች፣ ተላላኪዎችና ተሸካሚዎች ናቸው፤ በሱቅ ጉርብትናም እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። የተቋሙ የካርድ ክፍል ከወረቀት ወደ ዳታቤዝ ተሸጋግሯል እንበል። የሶፍትዌሩ ሠሪዎች የትኛው ቅጽ እንደሚዘወተር፣ የትኛው ሳይከፈት እንደሚቀር፣ ፕሮግራሙ የት ላይ እንደሚቋረጥ ለማወቅ ይሻሉ። ሶፍትዌሩ ይህን እየቆጠረ በኢንተርኔት እንዲልክላቸው ማድረግ ይቻላል። ዐቢዩ ጥያቄ በማን ፈቃድና ምን ይላክ የሚለው ነው።

ፈቃድን ከምርመራ ክፍል እናውቀዋለን

የጤና ባለሙያ ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። የኤች አይ ቪ ምርመራ በመጀመሪያ ደንበኛው ራሱ ፈልጎ የሚመጣበት የፈቃደኝነት አገልግሎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኤንኤድስ ባወጡት መመሪያ ደግሞ ባለሙያው ምርመራውን እንዲያቀርብና ታካሚው «አልፈልግም» ካላለ እንዲከናወን የሚያስችል አሠራር ተጠናከረ። ይህ ተገቢ የሆነበት ዋና ምክንያት ጥቅሙ በቀጥታ ለተመርማሪው በመሆኑ ነው፤ ውጤቱን ያወቀ ሰው ሕክምና ያገኛል።

በአጠቃቀም ሪፖርት ግን የመጀመሪያው ተጠቃሚ ሠሪው ነው። ተቋሙ የሚጠቀመው ወደፊት፣ ሶፍትዌሩ ሲሻሻል ነው። ስለዚህ ዝምታን እንደ ፈቃድ መቁጠር እዚህ ላይ ምክንያት አይኖረውም። መላኪያው ከመነሻው ዝግ ሆኖ፣ ኃላፊነት ያለው ሰው አውቆ ሲከፍተው ብቻ መሥራት ይኖርበታል።

ይህ የማይቻል ነገር አይደለም። ዴቢያን የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት የትኞቹ ፕሮግራሞች እንደሚዘወተሩ የሚቆጥረውን ቅኝት ባለቤቱን ጠይቆ ነው የሚጀምረው፤ የተዘጋጀው መልስም «አይ» ነው። ኦፕን ኤም አር ኤስ የተባለው የሕክምና መዝገብ ሶፍትዌርም ፈቃደኛ ተቋማት በዓለም ካርታ ላይ እንዲመዘገቡና የታካሚዎቻቸውን ብዛት የመሰሉ ጥቅል ቁጥሮች እንዲልኩ የሚያስችል «አትላስ» የተሰኘ ክፍል አዘጋጅቷል።

ምን ይላክ፣ ምን ይቅር?

ለሠሪው የሚበቃው ጥቂት ነው፦ የሶፍትዌሩ እትም፣ እያንዳንዱ ቅጽ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደተከፈተ፣ የስሕተቱ ዓይነትና ብዛት፣ የመዝገቦች ብዛት። የመጨረሻውም ቢሆን «ከ1000 እስከ 9999» በሚል እርከን ቢገለጽ ይሻላል። የታካሚ ስም፣ የካርድ ቁጥርና የበሽታ ዓይነት ፈጽሞ መላክ የለባቸውም።

ሁለት ስውር አደጋዎች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። የመጀመሪያው የስሕተት መልእክት ነው። አንድ የካርድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ሲመዘገብ ዳታቤዙ የሚያወጣው ማስጠንቀቂያ ቁጥሩን ራሱን ሊይዝ ይችላል። ስለሆነም መላክ ያለበት የስሕተቱ መለያ ኮድ እንጂ ሙሉው ጽሑፍ አይደለም። ሁለተኛው አነስተኛ ቁጥር ነው። በአንድ ወር የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ቅጽ የተከፈተለት ሕፃን አንድ ብቻ ከሆነ፣ «1» የሚለው አኃዝ ከተቋሙ ስም ጋር ሲጣመር ስም አልባነቱ ያከትማል። ሰው በሚተዋወቅበት የገበያ ሰፈር ደግሞ ከዚያ ወደ ቤተሰቡ ያለው መንገድ አጭር ነው።

የፈቃዱ ባለቤት ማን ነው?

የተቋሙ ኃላፊ ስለ ሶፍትዌሩ አሠራር ሊፈቅድ ይችላል፤ በታካሚው ምስጢር ላይ ግን የመፍቀድ ሥልጣን የለውም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መድቦታል። ሠራተኛውም ሊዘነጋ አይገባም። ቆጠራው በእያንዳንዱ ነርስ ወይም ካርድ ሠራተኛ የመግቢያ ስም ከተከፋፈለ ሶፍትዌሩን ለማሻሻል የታሰበው ሪፖርት የቁጥጥር መሣሪያ ይሆናል፤ ሠራተኛውም ቁጥሩን ለማሳደግ ሲል ቅጹን በከንቱ መክፈት ይጀምራል።

ፈቃዱ እውነተኛ እንዲሆን የሚላከው ጽሑፍ ከመላኩ በፊት በግልጽ አማርኛ በማያ ገጹ ላይ ይታይ፤ እምቢ ያለ ተቋም ከአገልግሎቱ ምንም አይጉደልበት፤ የፈቀደውም በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ይቻለው። ኔትወርክ ሲጠፋ ሪፖርቱ ይቅር እንጂ ታካሚ አይጠብቅ።

የውጤቱ ወሰን

ይህ አሠራር ዋጋ አለው። በፈቃዳቸው የሚልኩት አስተማማኝ ኢንተርኔትና በቂ ባለሙያ ያላቸው ተቋማት ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ድምፃቸው የሁሉም ድምፅ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። በፈቃደኞች ብቻ የተሠራ ጥናት ያለበት ጉድለት ይኸው ነው። መፍትሔው ግን ሌሎቹን ሳያውቁ መቁጠር ሳይሆን ሄዶ መጠየቅ ነው። የጎደለ ቁጥር በጉብኝት ይሟላል፤ ምስጢሬ ወጣ ብሎ ከጤና ተቋም የቀረን ታካሚ መመለስ ግን እጅግ አዳጋች ነው።